ብርብራና ብርብርሳ

ኦቦ ኤጄታ በገዛ እጃቸው በተከሉት ዛፍ ጥላ ሥር አንድ ቀን እንኳ ተቀምጠው አያውቁም። እኛ እንቀመጣለን። ባለቤታቸው አዴ አስካለች ጎመን ይቀነጥሱበታል፣ የቸርች ሴቶች ረቡዕ ረቡዕ ይጸልዩበታል፣ እኔም ሱቁ ቀዝቀዝ ሲል ብርጭቆዬን ይዤ እገባለሁ። እሳቸው ግን ኮፍያቸውን እስከ ቅንድባቸው ደፍተው አጥሩ ጥግ ፀሐይ ላይ ናቸው። የአምቦ የበጋ ፀሐይ ደግሞ ቀልድ አታውቅም። ለማያውቅ ሰው አእምሯቸው የተነካ ይመስላል። እኔ ስለማውቅ ልናገር።

ከሪማ እባላለሁ። ከባሌ ከአብዱልናስር ጋር ከስልጤ መጥተን፣ በጉደር መውጫ በኩል ስኳርና ዘይት በጅምላ እናከፋፍላለን። የኛ ሱቅና የኦቦ ኤጄታ ግቢ በአንድ አጥር ነው የሚዋሰኑት። ግቢ ስል እንደኛ ሁለት ክፍልና አንድ በረንዳ እንዳይመስላችሁ። ከአባታቸው የቀረላቸው ሰፊ ጓሮ ነው፤ ኮክ አለበት፣ እንሰት አለበት፣ ድንቹና ጎመኑ ለሰፈር ይተርፋል።

ኦቦ ኤጄታ ዕድሜያቸውን ሙሉ የችሎት አስተርጓሚ ነበሩ። እዚህ አገር ችሎቱ በኦሮምኛ ነው። አማርኛ ብቻ የሚችል ሰው ሲከሰስ መሃል ቆመው ቃሉን ወዲያና ወዲህ የሚያሻግሩት እሳቸው ናቸው። እሑድ ደግሞ ከአዲስ አበባ እንግዳ ሰባኪ ሲመጣ አጠገቡ ቆመው ይተረጉማሉ። ሰባኪው እጁን ሲያነሳ ያነሳሉ፣ ሲጮህ ይጮሃሉ። አዴ አስካለች «ከሰባኪው ይልቅ የኔው ሰውዬ ያስለቅሳል» ይሉ ነበር።

የኔን አማርኛማ በሰላም አሳልፈውት አያውቁም። «ሱቁ ሰው ሞላው» ካልኩ ከአጥሩ ማዶ ሆነው «ሱቁን! ሱቁን ሰው ሞላው!» ይሉኛል። «ኦቦ፣ እኔ የምሸጠው ዘይት ነው፣ ሰዋስው አይደለም» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። ኩራተኛ ነበሩ፤ ግን የሚያስጠላ ኩራት አልነበረም። ቃል የሳቸው ሙያ ነው፤ አናጢ በጠረጴዛው እንደሚኮራ ይኮሩበት ነበር።

ጡረታ የወጡ ሰሞን ጓሯቸው መሃል የነበረውን ባህር ዛፍ አስቆረጡት። መሬቱን አድርቆባቸው ነበር። «አገር በቀል ዛፍ ነው አሁን የምፈልገው» አሉን፤ «የሚያብብ፣ ሰፊ ጥላ ያለው። እርጅናዬን ከሥሩ ቁጭ ብዬ ነው የምጨርሰው።» በ2009 ዓ.ም. ለአረፋ አገር ቤት ስንገባ አብዱልናስር ይህን አልረሳም። ስንመለስ ችግኟን በቆርቆሮ ጣሳ ከነአፈሯ፣ መንገዱን ሁሉ ጭኑ ላይ ይዟት መጣ። እኔ ሻንጣ ተሸክሜ፣ እሱ ዛፍ አቅፎ። ተሳፋሪው ሁሉ ሲስቅብን ነበር።

ገና ከመግባታችን ወደ ኦቦ ኤጄታ ግቢ ዘለቅን። «ይኸውልዎ ኦቦ፣ ብርብራ ነው» አላቸው። «እኛ አገር ቡናው የሚጠለለው በሱ ነው። አበባው ወይን ጠጅ ነው፤ ሲያብብ ዓይን ይጠግባል።»

ኦቦ ኤጄታ ጣሳውን ተቀብለው ቅጠሉን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ። «አይ፣ ተሸውደሃል» አሉት። «ይሄ ሶታሎ ነው። ልጆች ሆነን ፍሬውን ወቅጠን ሁሉቃ ወንዝ ውስጥ እየበተንን ዓሣ እናሰክርበት ነበር። ብርብራማ ሌላ ነው።»

«ሶታሎ በኦሮምኛ ይሆናላ። በአማርኛ ብርብራ ይሄው ነው።»

«ብርብራ ማለት ብርብርሳ አይደለም እንዴ?»

«ብርብርሳ ደግሞ የቱ ነው?»

ከመንገዱ ማዶ በግንቡ አጥር ውስጥ የቆመውን ግንደ ቀጥ ዛፍ በአገጫቸው አሳዩት። አብዱልናስር ሳቀ። «ያማ ዝግባ ነው።»

«ዝግባ ጣውላ አይደለም እንዴ?» አሉ ኦቦ ኤጄታ። ይህን ሲሉ ድምፃቸው ቀነሰ።

እኔ አፌ መች ያርፋል። ዕድሜ ልካቸውን ያረሙኝ ሰውዬ እጄ ሲገቡ ልለቃቸው ነው? «ዛሬስ ተገኙ ኦቦ» አልኳቸው። «አስተማሪያችን ጣውላና ዛፍ ተምታታባቸው። ደግሞ ይሄን ዛፍ ሲይዙ ጠንቀቅ ይበሉ፤ የኛው ደንበኛ ረመዳን፣ የካቺሲው ባለሱቅ፣ ብርብራ ቆረጥክ ተብሎ አይደል የታሰረው።»

ኦቦ ኤጄታ ጣሳውን መሬት አስቀመጡ። ከዚያ ራሳቸውም አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጡ። ያመማቸው መስሎኝ ውሃ ይዤ መጣሁ። ውሃውን አልነኩትም። «ችሎት ላይ የቆመው ረመዳን ነው? ቀጭኑ? ሚስቱ ነፍሰ ጡር የነበረችው?» ብለው ጠየቁኝ። አዎ፣ ሚስቱ መሊካ ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረች። እሱ ስምንት ወር ታስሮ ሲወጣ ልጁ ባዕድ ሰው መስሏት አልቅሳበታለች።

የረመዳንን ነገር እኛ እናውቀው የነበረው በሱ በኩል ነው። ካቺሲ ከተማ ሱቅ አለው፤ ዕቃ የሚወስደው ከኛ ነው፤ ዕቃ ሊወስድ በመጣ ቁጥር ይህችኑ ያወራል። «ከሪማ፣ በገዛ ጓሮዬ አንዲት ብርብራ ቆረጥኩ፣ አሰሩኝ። በዚያው ሰሞን የሰፈሩ ሽማግሌዎች ሸንጎ የሚቀመጡበትን ትልቁን ዝግባ ሌባ በሌሊት ጥሎት ሄደ፣ እሱን የጠየቀው የለም። ይሄ ፍርድ ነው?» እኛም «አይ አገር» እያልን ከንፈር እንመጥ ነበር።

ለካስ፣ ኦቦ ኤጄታ እዚያው መሬት ላይ ሆነው እንደነገሩን፣ የተከሰሰው በዝግባው ኖሯል። ዳኛው በኦሮምኛ «ብርብርሳውን ቆርጠሃል?» ብለው ጠየቁ። ኦቦ ኤጄታ ወደ አማርኛ አሻግረው «ብርብራውን ቆርጠሃል?» አሉት። ረመዳን እውነተኛ ሰው ነው፤ «አዎ፣ ብርብራ ቆርጫለሁ» አለ። እሳቸው ወደ ዳኛው ዞረው «ብርብርሳ ቆርጫለሁ ይላል» አሉ። አመነ ተብሎ ተጻፈ። ፍርዱን ሲነግሩትም «ብርብራ በመቁረጥህ» ብለው ነገሩት። ሻይ ፈልቶ እስኪቀዳ እንኳ አልፈጀም።

ደግሞ ይህን የሚሳሳት እንደሳቸው ሁለቱንም ቋንቋ አውቃለሁ የሚል ሰው ብቻ ነው። በርበሬ በኦሮምኛ ባርበሬ ነው፣ ስኳር ሱካራ ነው፣ ወረቀት ወረቃ ነው። ብርብራስ ብርብርሳ ቢሆን ምን ይገርማል? ጫፉን ቆረጥ ታደርገዋለህ፣ አማርኛ ይሆናል። ዝግባ የሚለውን ቃል ያውቁታል፤ ግን ለሳቸው ዝግባ ከእንጨት መሸጫ የሚገዛ ጣውላ ነው፤ ቅጠል አብቅሎ ቆሞ ይኖራል ብለው አስበውት አያውቁም።

ማንም አልከሰሳቸውም። ማንም አያውቅም። እኛ ሦስታችን ዝም ብንል ነገሩ እዚያው ጓሮ መሬት ላይ ይቀራል። እኔም ያልኳቸው ይህንኑ ነው፤ «ተዉት ኦቦ፣ ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም።» አዘንኩላቸው፤ ምን ላድርግ። እሳቸው ግን «ራሴ እነግረዋለሁ። ካቺሲ ሄጄ ፊቱ ቆሜ እነግረዋለሁ። እናንተ ብቻ እንዳትቀድሙኝ» ብለው አስማሉን። ማልን።

አብዱልናስር ችግኟን ሊመልሳት እጁን ሲዘረጋ ከለከሉት። «ይተከላል» አሉ። «በር ስከፍት ፊት ለፊቴ።»

ተከሉት። ዙሪያውን እሾህ አጠሩለት፣ አመድ ነሰነሱለት፣ ውርጭ በሚያሰጋ ሰሞን ጆንያ ያለብሱት ነበር። የጎረቤት ፍየል አንዴ ጫፉን ቀጥፋው ሦስት ቀን እህል አልቀመሱም። አዴ አስካለች «ልጆቹን እንኳ እንዲህ አላሳደገም» ይሉኝ ነበር። ነገሩን አልነገሯቸውም፤ እኔም አልተነፈስኩም። ቸርች ላይ መተርጎም ተዉ። ጉሮሮዬን ያመኛል አሉ። ዝንጅብል ተወቀጠ፣ ማር ተላከ፣ ተጸለየላቸው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። ጉሮሯቸው ደህና ነበር፤ ሽንኩርት ሲጎነትል የነበረውን የኔን በግ ሲሰድቡ ከመንገድ ይሰማሉ። እኔን ግን ማረም ተዉ። «ሱቁ ሰው ሞላው» ብዬ ሆን ብዬ እጮሃለሁ፣ ወዲያ ማዶ ዝም። ያ ዝምታ ከስድብ ይልቅ ከበደኝ።

ካቺሲ ሄዱ? አልሄዱም። መጀመሪያ መንገዱ ተበላሽቷል አሉ። ቀጥሎ አገሩ አልተረጋጋም አሉ፤ እሱስ እውነት ነበር። ቀጥሎ ኮሮና መጣ። ቀጥሎ ጉልበቴ። ረመዳን ዕቃ ሊጭን ሲመጣ የመኪናውን ድምፅ ይለዩታል፤ ቤት ገብተው ይዘጋሉ። እኔ የሳቸው በር ሲዘጋ ሰምቼ ነው ረመዳን መጣ የምለው። እሱ ደግሞ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ያቺኑ የብርብራውን ታሪክ ይጀምርልኛል። እኔም ከንፈሬን እመጣለሁ። ወላሂ፣ ያን ጊዜ ስኳር ስመዝን ዓይኔን ከሚዛኑ አላነሳም ነበር።

ዛፉ ግን የማንንም ሐፍረት አልጠበቀም። አደገ። አጥሩን አለፈ፣ የሱቃችንን ጣሪያ አለፈ። ቅርንጫፉ እንደ ጃንጥላ ተዘረጋ። ባለፈው የበጋ መግቢያ ደግሞ አበባ አወጣ፤ እውነትም ወይን ጠጅ። መንገደኛው እየቆመ ያየው ጀመር። ኦቦ ኤጄታ በአንድ በኩል ደስ ይላቸዋል፣ በሌላ በኩል አበባው ሲረግፍ መሬቱን በየጧቱ ይጠርጋሉ፤ ሰው እንዳያይባቸው የሚደብቁ ይመስላሉ።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ረመዳን መጣ። በራቸው አልተዘጋም፤ መኪናው ተበላሽቶበት በሚኒባስ ነበር የመጣው። ባንኮኒዬ ጋ ደረሰና ቀና ሲል አበባውን አየ። «ይሄ ብርብራ አይደለም እንዴ?» አለ።

ምን እንደነካኝ አላውቅም። ሰለቸኝ። የሳቸው መደበቅ፣ የኔ ከንፈር መምጠጥ፣ ሁሉም ሰለቸኝ። አልቀድምም ብዬ ምያለሁ፤ በር አልከፍትም ብዬ ግን አልማልኩም። «ግባና እይ» አልኩት፣ የአጥሩን በር ከፈትኩለት።

ኦቦ ኤጄታ አካፋ ይዘው ከድንቹ መሃል ነበሩ። መሸሻ አልነበራቸውም። ረመዳን ሰላም ብሏቸው ከዛፉ ሥር ገባ፣ ወደ ላይ አንጋጦ ብዙ ቆየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለአባቱ እንደሚናገር ሰው «አባቴ፣ ይሄን ዛፍ ማን እንዳስተከለዎት አላውቅም» አላቸው። «ግን አደራዎን እንዳይቆርጡት። ቅርንጫፉንም እንዳይነኩ። እኔ ታስሬበታለሁ። ጓሮዬ አንድ ሌላ ቀርቶኛል፤ ጣሪያዬ ላይ ተኝቶ ቆርቆሮዬን አዛገው፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ቤቴ ያፈሳል፣ ፈርቼ አልነካሁትም። እርስዎ ሽማግሌ ነዎት፤ እስር ቤት አይችሉትም።»

ኦቦ ኤጄታ አካፋውን አፈሩ ውስጥ ሰክተው ኮፍያቸውን አወለቁ። እኔ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

«አላወቅከኝም?» አሉት።

ረመዳን አያቸው። ያኔ ከረባት ነበራቸው፣ አሁን ነጭ ፂም ነው ያላቸው። «ድምፅዎን የማውቀው ይመስለኛል» አለ።

ነገሩት። እኔ ፊት፣ አዴ አስካለችም ከበረንዳው ሰምተው ወርደው ቆመው፣ የችሎቱን ነገር ሁሉ ነገሩት። ዳኛው ያሉትን፣ እሱ ያለውን፣ እሳቸው መሃል ቆመው ያደረጉትን። ረመዳን ለመጮህም ለመማታትም አልቃጣም። «ብርብርሳ ማለት… ዝግባው ነው?» ብሎ ጠየቀ። «ነው» አሉት። «እኔ’ኮ ቃሉን ከእርስዎ ነው የተማርኩት» አለ። «ካቺሲ ሰዎች ‘ብርብርሳውን የቆረጥክ አንተ ነህ?’ ሲሉኝ ‘አዎ፣ ቆርጫለሁ፣ ታስሬበታለሁ፣ አበቃ’ እላለሁ። በገዛ አፌ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት። ሸንጎ የሚቀመጡበትን ዛፍ ጥዬ የምፎክር መስሏቸው ኖሯል። ለካ ለዚህ ነው ሰላምታ የነሱኝ።»

አዴ አስካለች አለቀሱ። ኦቦ ኤጄታ ይቅርታ ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ረመዳን በእጁ ከለከላቸው። «እሱን ይተዉት» አላቸው። «በአፍዎ አስገብተውኛል፣ በአፍዎ ያውጡኝ። ሐሙስ ገበያ ነው። መጥተው ለሽማግሌዎቹ ይንገሩልኝ። የኔ ኦሮምኛ የሱቅ ነው፤ የራሴን ነገር መናገር አልችልም።»

ጉልበታቸውም መንገዱም ተረሳ። ሐሙስ በጧት፣ ችሎት ይለብሱት የነበረውን ኮት ለብሰው ከአብዱልናስርና ከኔ ጋር ካቺሲ ሄዱ። የዝግባው ጉቶ አሁንም አለ፤ ሽማግሌዎቹ እዚያው አጠገቡ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። ዋናው ኦቦ ጃርሶ የሚባሉ፣ ዓይናቸው የደከመ ግን ጆሯቸው የነቃ ሰው ናቸው። ረመዳን ሲቀርብ ፊታቸውን አዞሩ። ይህን ኦቦ ኤጄታ ቆመው አዩ።

ከዚያ በኦሮምኛ ተናገሩ። ሰባኪ አጠገብ እንደሚቆሙት አልነበረም፤ እጃቸውን አላነሱም፣ አልጮሁም። ይህ ሰው ሶታሎ ነው ያለው፣ ብርብርሳ ያልኩት እኔ ነኝ አሉ። እያንዳንዱን ወደ ረመዳን ዞረው በአማርኛ ደገሙለት። ገበያተኛው በግና ገብሱን ትቶ ከበበን። ሲጨርሱ ኦቦ ጃርሶ በምርኩዛቸው ጉቶውን ነካ ነካ አደረጉና ሁለት ቃል ብቻ ተናገሩ። «ዮም ቤክቴ?»

ረመዳን ወደ ኦቦ ኤጄታ ዞሮ ጠበቀ። ገብቶት ይሁን አይግባው አላውቅም። እኔ ግን ገብቶኛል፤ ዮም የሚለውን ቃል አውቀዋለሁ፣ ደንበኞች ዘይት ዮም ይገባል እያሉ የሚያሰለቹኝ በሱ ነው። መቼ አወቅህ ነው ያሏቸው። ኦቦ ኤጄታ ይህችን ለረመዳን አልነገሩትም ነበር። መሳሳታቸውን ነገሩት እንጂ፣ አውቀው መክረማቸውን አልነገሩትም። አሁንም «መቼ ሆነ ነው የሚሉት» ብለው ቢያልፉት ማን ይይዛቸዋል? በልቤ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ እለፉት አልኩ። የሳቸው ነውር ብቻ አይደለም፤ የኔም እዚያ ውስጥ አለ።

«‘መቼ አወቅህ?’ ነው የሚሉኝ» አሉት ለረመዳን፣ ቃል በቃል። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ መለሱ። «ዛፉን አይተኸዋል። የሱን ዕድሜ ያህል ዓመት።» ለኦቦ ጃርሶም ዓመቱን ቆጥረው በኦሮምኛ ነገሯቸው።

ረመዳን ዛፉ ምን ያህል እንደሆነ በዓይነ ልቦናው የለካ ይመስላል። ቀጥሎ ችግኙን ማን እንዳመጣው አስታወሰ መሰለኝ፣ ወደ አብዱልናስር አየ፣ ከዚያ ወደኔ። ምንም አላለንም። ባይናገረኝ ይሻላል ብዬ ተመኝቼ ነበር፤ ሳይናገረኝ ሲቀር ግን አፈርኩ። በሕይወቴ እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ኦቦ ጃርሶ ተነሥተው ረመዳንን ጨበጡት፣ ሌሎቹም ተከተሉ። ለኦቦ ኤጄታ እጁን የዘረጋ አልነበረም። እኛም ምሳ ሳንበላ ተመለስን።

አሁን ረመዳን ስኳሩን የሚወስደው ከሌላ ጅምላ ሱቅ ነው። በደጄ ያልፋል፤ ሰላም ይለኛል፣ ግን አይቆምም። የሚቆመው ኦቦ ኤጄታ ግቢ ነው። መኪናው እስኪጫን ከብርብራው ሥር ገብቶ ይቀመጣል። አዴ አስካለች ሻይ ያቀርቡለታል። ኦቦ ኤጄታ በር መዝጋት ትተዋል፤ ኮፍያቸውን ደፍተው ጥላው ካለቀበት አንድ እርምጃ ራቅ ብለው ፀሐዩ ላይ ይቆማሉ። ስለ ገብስ ዋጋ፣ ስለ ዝናብ ያወራሉ። ከጎኑ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ቦታ አለ። ረመዳን «ኑ፣ ይቀመጡ» ብሏቸው አያውቅም፤ እሳቸውም ይለኛል ብለው አይጠብቁም።